ቅሬ የወጣለት ፊት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሙነወር ይማም፤ ካለህበት ኢስታንቡል።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከሐይቃችን ዳር ተነስቶ፣ ደሴን ወጥቶ ወርዶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ከተቀመጥክበት ወንበር ድረስ ይምጣልህ። እንደምን ከረምክ? እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ተጎልተህ ትውላለህ? መነጽር አዘዙልኝ ብለኸኝ ነበር፤ አደረግከው ወይስ እንደ ልማድህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው? ምግቡስ ይስማማሃል? በረዶው ለቀቀላችሁ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በስተቀር ምንም አልሆነችም፤ አንደበቷም እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴ ሙዘይን የእህል ንግዱን እንደገና ጀምሯል። ልጃችን ሰሚሃ አሥረኛ ክፍል ገብታ በቁመት በልጣኛለች። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ዘንድሮስ ተኩስ ሳንሰማ እንጾመዋለን ብለን ደስ ብሎናል።

«ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው?» እንደምትል አውቃለሁ። ምክንያት አለኝ። ስልክ ላይ ነገሩ ጠበቅ ሲልብህ «እትዬ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትለኛለህ። የሚቆራረጠው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ስጠይቅ ነው፤ አንተ ስትጠይቅ ተቆራርጦ አያውቅም። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። የጎረቤታችን ልጅ ኢንሳፍ ልብስ ልታመጣ ወደዚያው ስለምትሄድ እጅ በእጅ ትሰጥሃለች። አብሮት አንድ ጥቅል አለ። ደብዳቤውን አንብበህ ሳትጨርስ ጥቅሉን እንዳትፈታው፤ በአላህ ይዤሃለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። የምታውቀውንም ጨምሬ እጽፍልሃለሁ፤ ምን ያህሉን እንደምታውቅ እኔ አላውቅማ!

በጥር ወር ሁለት ልጆች ከደሴ መጡ። አንደኛው ባድሩ ይባላል፤ እዚህ ያለ ልጅ ሁሉ በስልኩ የሚጫወተውን የሚያስፈራ ጨዋታ የሠራው እሱ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው። በታንኳ ሐይቁን ትሻገራለህ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ሰባት መረብ መሰብሰብ አለብህ፤ ከኋላህ የሰጠመ ዓሣ አጥማጅ ይከተልሃል፤ ዞር ብለህ ካየኸው አለቀልህ። ሰጣሚው ይሉታል። ሰሚሃ በዚህ ጨዋታ ሁለት መቶ ጊዜ ሞታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ስትደነግጥ አላየኋትም፤ እየሞተች ቆሎ ትቆረጥማለች። እንግዲህ ባድሩ ይህን ጨዋታ ፊልም ላደርገው ነው ብሎ ተነሳ። ሁለተኛው ልጅ አሻግሬ የኮምፒውተሩ ሰው ነው።

አሻግሬ ነው መጀመሪያ ወደ ስፌት ቤቴ የመጣው። «እናቴ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ገጣጥመሽ ስምንት ሜትር ትሰፊልናለሽ?» አለኝ። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ጫማውን ነው የማየው። ስምንት ሜትር አረንጓዴ ጨርቅ፣ መጋረጃ ያልሆነ፣ ድንኳን ያልሆነ፣ ባንዲራ ያልሆነ! «ለምንህ ነው?» አልኩት። «ሰጣሚውን በኋላ በኮምፒውተር እንስልበታለን» አለኝ። ከቀበሌ ደብዳቤ ካላመጣህ መርፌ አላነሳም አልኩት። በማግስቱ ሁለት ደብዳቤ ይዞ መጣ። ይሄኔ የባሰ ጠረጠርኩ። አንድ ደብዳቤ ያለው ሰው ደግ፤ ሁለት የያዘው ምን ፈርቶ ነው? ሰፋሁለት፤ ግን ጨርቄ የት እንደሚውል ልይ ብዬ ሥራዬን ዘግቼ ተከተልኩት።

ሄጄ ያየሁትን ብነግርህ ትስቃለህ፤ እኔማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ጨርቄን ሐይቁ ዳር ወጥረውታል። ከፊቱ ሰብለወንጌል የምትባል የደሴ ልጅ፣ ተዋናይዋ፣ ቆማለች። ከእሷ ፊት ለፊት ደግሞ አሻግሬ በሸንበቆ ጫፍ ቢጫ ኳስ አስሮ ይዟል። ባድሩ «ሰጣሚው መጣብሽ! ፍሪ!» ይላታል። ልጅቷ ኳሱን እያየች ትፈራለች። እንዴት ያለ ፍርሃት መሰለህ? እንግዳ ቤት ጨው የበዛበት ወጥ የቀረበላት ትመስላለች። አምስት ጊዜ አስደገሟት። በመጨረሻ «እኔ ከኳስ መሸሽ አልችልም፤ ኳስ ተጫዋች ፈልጉ» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

አላስቻለኝም። «ልጆች፣ ሦስት ቀን ስጡኝ፤ እኔ እሰፋላችኋለሁ» አልኩ። አሻግሬ ሳቀብኝ። የጨዋታው ተጫዋች የለመደው እንደ ጭስ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፣ በእጅ የተሠራ ጭራቅ የሕፃን ቲያትር ይመስላል አለ። እኔም መለስኩለት። «ልጄ፣ በስልኩ ላይ የሚሸሸው ጣትህ ነው፤ ጣትህ ሥራ ስለያዘ ጭሱም ይበቃሃል። ፊልም ላይ ግን እጅህን አጣጥፈህ ነው የምትቀመጠው። ያኔ የሚመጣብህ ነገር ክብደት ከሌለው፣ ውኃው ካልተንጠባጠበበት ምኑን ትፈራዋለህ?» ባድሩ «እትዬ ራዚያ፣ ሥሪው» አለኝ። ወሏሂ፣ ያን ቀን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ቤቴ የገባሁ።

እንዴት እንደሠራሁት ልንገርህ፤ ይሄንንስ አታውቀውም። አካሉ ከጣራው ሥር የተንጠለጠለው የአባዬ አሮጌ መረብ ነው። ከሥሩ ጆንያ፣ በላዩ ጥጥ። ቅርፊቱን ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ የቆሮሶ ቅርፊት በቅርጫት ለምኜ፣ አጥቤ፣ አድርቄ አንድ በአንድ ሰፋሁት። ደሙ ቀይ ሥር ተቀቅሎ በዱቄት የወፈረ ነው። እርጥብ እርጥብ እንዲልና እንዲያሙለጨልጭ ተልባ ዘፍዝፌ ልጋጉን ቀባሁት። ፊቱን ከፍየል ሌጦ አለፋሁ። የስፌት መኪናዬን በጦርነቱ ጊዜ ስለወሰዱብኝ ሁሉንም በእጄ ነው የሰፋሁት፤ መርፌዬም ሸራፋ ስለነበር የግራ ቅንድቡ ላይ ሌጦውን ቀደደብኝና ጠቀምኩት። ይህችን የመርፌ ጥቅም ልብ በላት። ሠርቼ ጓዳ ውስጥ አቁሜው ሳለ ሰሚሃ ዱቄት ልታመጣ ገባች፤ ያ ሁለት መቶ ጊዜ ያልደነገጠው ልብ! ጩኸቷ ዶሮዎቹን አጥር አዘለላቸው።

ጉድለቱ ሽታው ነበር። የለበሰው ፈንታሁን ነው፤ ያ ረጅሙ ባጃጅ ነጂ። ለብሶ ከቤት ወደ ሐይቁ ሲሄድ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ተከተለው። አስበው፣ የሐይቅ ሰጣሚ ከፊት፣ ዘጠኝ ድመት ከኋላ! ባድሩ አንዷን አባርሮ አንዷን ይይዛል። ግን ፈንታሁን ከቄጠማው ውስጥ ውኃው እየተንዠቀዠቀበት ቀስ ብሎ ሲነሳ ሰብለወንጌል ትምህርቷንም ንግግሯንም ረሳች፤ አንድ ጫማዋን ጥላ እስከ አስፋልቱ ሮጠች። ባድሩ አላስደገማትም። «በቃ፣ ይሄ ነው!» ብሎ እጄን ሳመኝ። አሻግሬ ብቻ በጎን እያየኝ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል። ለማን ነው የሚጽፈው ብዬ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁልህ፤ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ።

ፈንታሁን ምሳ ሲደርስ ልብሱን አወለቀ። ፀሐዩ ልጋጉን እንዳያደርቀው ከነፊቱ ዳሩ ላይ አስተኝተን ጋቢ አለበስነውና ልንበላ ሄድን። ጥፋቱ ይሄ ነው። ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ከጋቢው ሥር እጅ ወጥቶ አየች። ጮኸች። የቀብር ዕድራችን ቅሬ እንዴት እንደሚወጣ ዘጠኝ ዓመት ተለይተኸን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ጠሪው በሰፈሩ ሲጣራ ያረሰው በሬውን ይፈታል፣ የነገደው ሱቁን ይዘጋል፤ ሟቹ ማንም ይሁን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይወጣል። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህማ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እዚህም እዚያም አግኝተን ስለቀበርን ጥሪ ሲሰማ ማንም አይዘገይም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቃሬዛው፣ አካፋው፣ ዶማው፣ መቶ የሚሆን ሰው ሐይቁ ዳር ደረሰ። የመስጊዱ ሸህ ከፈን አስይዘው መጡ። ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው መጡ።

ከዚያማ ክርክር ሆነልህ። የትኛው መቃብር ይቀበር? የቅሬው ዳኛ አቶ ዝናው ጋቢውን ሳይገልጥ አንገቱ አካባቢ በእጁ ዳበሰና ክር አገኘ። «ማተብ አለው፤ የኛ ነው» አለ። የመረቡ ገመድ ነበር! ሸሁ ደግሞ «ክር ሁሉ ማተብ አይደለም፤ ውኃ ያመጣው ምስኪን ነው፤ እናንተም ቅበሩት፣ እኛም እንቅበረው፣ ብቻ ሳይታጠብ ፀሐይ አይምታው» አሉ። እዚህ ላይ ነው እኔና ባድሩ እየሮጥን የደረስነው። «ኧረ ጎበዝ፣ አሻንጉሊት ነው!» ለማለት አፌን ስከፍት እታለም ስህን ቀደመችኝ።

ስህንን ታውቃታለህ፤ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለችው። ልጇ በ2014 ጥቅምት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ባዶ እግሯን ነበር የመጣች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ጎንበስ ብላ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገለጠችው። እኔ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችው። እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን እኔን እያየች «የኔ ልጅ አይደለም። ይሄ አባትሽ ነው፤ ጋሽ ይማም ነው» አለች።

ሙነወር፣ እኔ አላወቅኩም ነበር። በአላህ ስም እምልልሃለሁ፣ አላወቅኩም። ሰጣሚ እየሠራሁ መስሎኝ ነው። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እኔም አየሁ። ያ ሰፊ ግንባር። ያ የተጣመመ አፍንጫ። መርፌዬ የቀደደብኝ ያልኩህ የግራ ቅንድቡ ደግሞ፣ አንተ ሕፃን ሳለህ መንጠቆ የቀደደው ቦታ። እጄ የሚያውቀውን እኔ አላወቅኩም።

ማንም አልሳቀም። አባዬ እንዴት እንደተቀበረ ሰው ሁሉ ያውቃላ። ጦርነቱ ሲገፋ ወደ አርዲቦ አክስታችን ዘንድ ሸሽተን፣ በኅዳር የስኳር መድኃኒቱ አልቆበት ሲሞት፣ ሙዘይን፣ የአክስታችን ባልና ሁለት መንገደኞች ናቸው የተሸከሙት። አራት ሰው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቅሬ ቀርቶ የማያውቅ ሰው! ስንመለስ ቅሬው ቤታችን መጥቶ ተቀምጧል፤ አልከፋም። ግን ቤት መጥቶ መቀመጥና ቃሬዛ መሸከም አንድ አይደለም። አንተም ስልኩ ተዘግቶ ስለነበር በጥር ነው የሰማኸው። ይሄን አላነሳብህም፤ አንስቼብህም አላውቅም።

አቶ ዝናው ቆቡን አወለቀ። «ለይማም ሳንወጣለት ቀርተን ነበር» አለ። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ መቶው ሰው አሚን አለ፤ ክርስቲያኖቹም አሜን አሉ። ባድሩ ካሜራውን መሬት አስቀመጠ። ስህን ጋቢውን መልሳ ከአንገት በታች አለበሰችው፤ ፊቱን ግን አልሸፈነችውም። ወደ እሷ ሄጄ «ይቅር በይኝ» ብላት «ምን አድርገሽ? ጨርቅ መግለጥ ለምጃለሁ። ዛሬ የገለጥኩት እንኳ የሰው አባት ሆኖ ተገኘ» አለችኝ። እጇን ያዝኩ።

ከዚያ አቶ ዝናው ዳኛ ነውና ደብተሩን አወጣ። ጥሪ ተጠርቷል፣ ሰው ወጥቷል፣ ስም ይጠራል አለ። ሲጠራ እኔ ጥሪው ሲሰማ እንጀራ ላይ ነበርኩና «ራዚያ ይማም፤ ቀሪ» ብሎ ጻፈኝ። ራሴ በሰፋሁት ሬሳ ቀሪ! ይሄኔ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እንባዬን እየጠረግኩ እኔም ሳቅኩ።

እማዬ በማግስቱ አምጪልኝና ልየው አለች። ፈራሁ። ፊቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «አፍንጫው ወደ ቀኝ ነበር የሚያዘነብለው፤ ወደ ግራ አደረግሽው» አለችኝ። ከዚያ አሽትታው «ዓሣ ዓሣ ይላል፤ እሱ ራሱ ነው» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ሸሁ ግን በትሕትና መከሩኝ፤ ምስል ነውና ፊልሙ ሲያልቅ ከቤትሽ አውጪው አሉ። እሺ አልኩ። ፊልሙ ላይ አለ፤ እሱ ይበቃኛል ብዬ።

ይሄን ካልኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ባድሩ አቀርቅሮ መጣ። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ፊልሙን እያሳመረልን ነው፣ ፊቱን በኮምፒውተር ቀይሮታል፣ ይሄው እይው አለኝ። አየሁት። ፊቱ እንደ ሳሙና ልሙጥ። ዓይኑ እንደ ሞተር መብራት። ጥርሱ ስልሳ ይሆናል። ምን ልበልህ፣ ያምራል። በየትም አገር ያለ ጭራቅ ነው፤ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ወደየትም ሊሄድ ይችላል። ሰብለወንጌል ጎኔ ቆማ ነበርና «ከዚህስ ኳሱ ይሻላል» አለች። እኔ ያልኩትን ልንገርህ? «ለዚህኛው ማን ከፈን ያመጣለታል?» ነው ያልኩት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አሻግሬን ነው። ልጁን ክፉኛ ተናገርኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ቤቴ ድረስ መጥቶ «እናቴ፣ እኔ አይደለሁም፤ ሰውየው ነው» ብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ስሙን አልነገረኝም፤ አትናገር ተብሏል። ግን ሰሚሃ በጀርባዬ አንገቷን አስግጋ የሰውየውን ፎቶ አየች። ትንሽ ልጅ፣ አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ በታንኳ ላይ መቅዘፊያ ይዞ ተቀምጧል። ያው ፎቶ በመስታወት ሆኖ ምኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ታንኳውን የያዘው እጅ የአባዬ ነው።

አሁን ልጠይቅህ። የካቲት አጋማሽ ላይ ደውለህ «ሥራ በዝቶብኛል» ስትለኝ ምን ሥራ ነው ብዬህ ነበር። «የሳሙና ማስታወቂያ» አልከኝ። ለካ ሳሙናው የአባዬ ፊት ነው! እኔ በየሳምንቱ በስልክ ስለ ሰጣሚዬ ስተርክልህ፣ አንተ በዚያ በኩል ሰምተህ እንዳልሰማህ ስትስቅ፣ ፊቱ ከፊትህ ተዘርግቶ ነበር። ለባድሩ የጻፍክለትንም አንብቤዋለሁ። «ስፌቱ ስለሚታይ ፊቱ አይሆንም፤ ለእህቴ እንዳትነግሯት» ብለሃል።

ስፌት ነው ያልከው? እኔ ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ። ስፌት ይታይ ከተባለ በጣቶቹ መሐል ይታያል፤ አልነካኸውም። በትከሻው ላይ ይታያል፤ አልነካኸውም። በሦስተኛው ትዕይንት የፈንታሁን የላስቲክ ጫማ ከነዘለበቱ ብቅ ብሏል፤ ትተኸዋል! አንድ ድመትም ከቄጠማው ሥር ተቀምጣ ፊቷን ትታጠባለች፤ እሷንም ትተሃታል። ያጠፋኸው ግንባሩን፣ አፍንጫውንና የቅንድቡን ጥቅም ብቻ ነው። ስፌት ያስጠላው ሰው ይህችን ጠባሳ ብቻ ለይቶ አያጠፋም። አሻግሬ ደግሞ፣ በደለኛ እንዳልሆነ ለማሳየት ብሎ፣ ሌላም አሳየኝ። መጀመሪያ ሲልኩልህ አሥራ አንድ ቀን ሳትከፍተው ቆየህ። ከዚያ ሌሊት ላይ አንዲት መስመር ጻፍክ፤ «ይሄን ፊት እያየሁ መሥራት አልቻልኩም» የምትል።

ወንድሜ፣ ሁሉንም የጠረጠርኩት ለዚች መስመር ነበር ለካ። አረንጓዴውን ጨርቅ ጠረጠርኩ፣ ደብዳቤዎቹን ጠረጠርኩ፣ አሻግሬን ጠረጠርኩ፣ አንተን ጠረጠርኩ። አሁንም እጠረጥርሃለሁ፤ ግን በሌላ። እህቴን ልጎዳት ብለህ አላደረግከውም። የጠረጠርኩህ ያን ፊት ያለ እኔ፣ ያለ እማዬ፣ ያለ ቅሬው፣ ብቻህን አይተኸዋል ብዬ ነው። ለእኛ ጋቢውን የገለጠችልን ስህን ነበረች፣ መቶ ሰው ከኋላችን ነበር። ላንተ ማን ነበረ?

ተቆጥቻለሁ እንዳትል፤ አብሽር። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። የፊልሙን ጉምም ያንተ እጅ እንደሠራው ሲነግሩኝ እልል ነው ያልኩት! ማለዳ ሐይቁ ላይ እንደሚተኛው፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ከነዛፉ እንደሚውጠው፣ እንዲያው እሱን ራሱን ነው ያመጣኸው። በዘጠኝ ዓመት አልረሳኸውም። ሰጣሚው ሲገባ ውኃው እጥፍጥፍ ብሎ የሚዘጋውንም እኔ በምን መርፌ እሰፋው ነበር? ይህን ኮምፒውተር ነው የሚችለው፤ እጄን ሰጥቻለሁ። ለካ ያ ጠዋት ማታ የምትጎለትበት ወንበር እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል። ደግሞ ምን አሳፍሮህ ነው ሳሙና ሳሙና ስትለን የኖርከው?

ስለዚህ የምለምንህ ይሄን ነው። ባድሩ ለዒድ በከተማው አዳራሽ ሊያሳየው ነው፤ ሁለተኛ ልቀርጸው አልችልም፣ ሰውየው የላከልኝን አሳያለሁ ብሏል። ነገሩ በእጅህ ነው ማለት ነው። ድመቷን አጥፋት። የፈንታሁንን ጫማ አጥፋ። ገመዱን፣ የቀይ ሥሩን ጠብታ፣ የፈለግከውን ሁሉ አጥፋ። ፊቱን ግን መልሰው። አቶ ዝናው ቅሬው በሙሉ ይመጣል፣ ደብተሩንም ይዤ እቀመጣለሁ ብሏል። እንደኔ እንደኔ ይቀልዳል ብዬ ነበር፤ አልቀለደም። ደብተሩ ላይ ያንተም ስም አለ፤ ከመሄድህ በፊት አባዬ ነው ያስመዘገበህ፤ ያን ዕለት «ሙነወር ይማም» ብሎ ሲጠራ ማንም አቤት አላለም። «ፊቱን መልሶ ከላከ መጥቷል ብዬ እጽፈዋለሁ» ብሎኛል። ስህንም እመጣለሁ ብላለች።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው እሱው ነው፤ ፊቱ። ሸሁ ከቤት አውጪው አሉኝ፤ ይሄው አወጣሁት። በኮምፒውተሩ መስታወት ብቻ እያየህ ነው የፈረድክበት፤ በእጅህ ዳብሰው። ግንባሩ ላይ እጅህን አድርግ፣ እንደ ስህን። ዳብሰኸው «ስፌት ነው» ካልክ የኮምፒውተሩን ላክ፤ እኔም በአዳራሹ ተቀምጬ አጨበጭብልሃለሁ፤ ከዚህ በኋላም አላነሳብህም። የዓሣውን ሽታ ግን ላጠፋው አልቻልኩም፤ አብሮህ ለሚኖረው ልጅ አስረዳልኝ፤ መስኮቱንም ዝጋ፣ የኢስታንቡል ድመት ብዙ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሙዘይን ሰላም ብሎሃል፤ አባትህን ተሸክሜዋለሁና እኔ ምስክር ነኝ፣ ቀሊል ነበር በይው ብሎኛል። ሰሚሃ እጅ ነስታለች፤ አጎቴ የፊልም ሰው ነው ብላ ለክፍሏ ሁሉ አውርታለች፤ እንዳታዋርዳት። ባድሩ፣ አሻግሬና ሰብለወንጌል በአክብሮት ሰላም ብለዋል። ፈንታሁን ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ታጥቤ ሽታው አልለቀቀኝም ይልሃል። ስህን ምንም አላለችም፤ የጥቅሉን ጨርቅ ስሰፋ አጠገቤ ተቀምጣ ክር ታቀብለኝ ነበር፤ የቋጠረችውም እሷ ናት። እማዬ ግንባርህን ስማ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ሪዝቅ፣ ሰፊ እንጀራ ይስጥህ ብላለች። አንድ ትእዛዝም አላት። ኮምፒውተሩ ያን ያህል ጎበዝ ከሆነ አፍንጫውን ወደ ቀኝ አዘንብልልኝ ብላሃለች፤ ሌላውን አትንካው።

ጥቅሉን ስትፈታ መጀመሪያ ሰላም በለው።

እህትህ ራዚያ ይማም
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.